ብረትና ጉበት፦ ፍሬውን ከገለባው እንለይ

(በካምፑ ሬዲዮ በአማርኛው የጤና ፕሮግራም የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዛሬው የጤና ፕሮግራማችን ስለ ጉበት ካንሰርና በሰውነታችን ውስጥ በጥቂቱ ስለሚገኙ ማዕድናት፣ ከእነርሱም ውስጥ በተለይ ስለ ብረት እንነጋገራለን።

ይህን ርዕስ ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ሰሞኑን በየብሎኩ ለቤት ለቤት ጉብኝት ስዘዋወር አንዳንድ ነፍሰ ጡር እናቶች በክሊኒክ የተሰጣቸውን የአይረን ኪኒን እያቋረጡ መሆኑን ተመልክቻለሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ «ብረት ጉበት ላይ ተከማችቶ ካንሰር ያመጣል አሉ» የሚል ነው። ከፊሎቹ በስልክ ከተላከላቸው መልእክት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ቡና ላይ ከጎረቤት የሰሙት ነው። ኪኒኑን ከጀመሩ በኋላ ሰገራቸው መጥቆሩም ወሬውን እውነት አስመስሎባቸዋል።

ወሬ ሁሉ ከባዶ አይነሣም። በዚህም ወሬ ውስጥ አንዲት የእውነት ፍሬ አለች፤ በዙሪያዋ ግን ብዙ ገለባ ተከምሯል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ፍሬዋን ከገለባው መለየት ነው። ዋናውን መልስ ግን አስቀድሜ ልናገር፦ በእርግዝና ወቅት በጤና ባለሙያ የታዘዘ የአይረን ኪኒን የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ኪኒኑን ማቋረጥ ግን እናትንም ሕፃንንም ለአደጋ ያጋልጣል። ለምን እንዲህ እንደምንል ደረጃ በደረጃ እናያለን።

ጉበት የሰውነት ጎተራ ነው

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታችን ሥር ይገኛል። በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ከምንበላውና ከምንጠጣው ነገር አብዛኛው ከአንጀት ተነሥቶ በደም ሥር በኩል መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ጉበት ነው። ጉበት የሚጠቅመውን ያስቀምጣል፣ መርዛማውን ያከሽፋል፣ የተረፈውን በሐሞት በኩል ያስወግዳል። ብረትና መዳብን የመሳሰሉ ማዕድናትም በብዛት የሚቀመጡት በዚሁ ጎተራ ውስጥ ነው።

ሰውነታችን ከእነዚህ ማዕድናት የሚፈልገው በጣም ጥቂት ነው። በአንድ አዋቂ ሰው መላ ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው፤ የአንድ መካከለኛ ምስማር ክብደት ያህል ማለት ነው። ዚንክ 2 ግራም ገደማ፣ መዳብ ደግሞ የ1 ግራም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሴሌኒየም ከዚህም ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ጥቂት ነገሮች ሲጎድሉ ሰው ይታመማል። ከልክ በላይ ሲበዙም እንዲሁ ይታመማል። ስለዚህ ጥያቄው «ብረት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል መሆን የለበትም። «ለማን፣ ምን ያህል፣ በምን መንገድ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ብረት መግቢያ እንጂ መውጫ በር የለውም

ብረት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ አየር ወደ መላ ሰውነታችን ያደርሳል። ያለ እርሱ ደም አይኖርም። ሆኖም ሰውነታችን የተረፈውን ብረት የሚያስወጣበት የተለየ መንገድ የለውም። አንድ ጤነኛ ሰው በቀን የሚያጣው 1 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ምክንያት ከዚህ የበለጠ ያጣሉ።

መውጫ ከሌለ ቁጥጥሩ በመግቢያው ላይ መሆን አለበት። በረኛው ራሱ ጉበት ነው። ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታል። ጎተራው ሲሞላ ሄፕሲዲን ይበዛና በአንጀት በኩል ያለው የብረት መግቢያ ይጠባል፤ ጎተራው ሲጎድል ደግሞ ሄፕሲዲን ይቀንስና መግቢያው ይሰፋል።

ታዲያ ብረት ጉበትን የሚጎዳው መቼ ነው? ይህ ቁጥጥር ሲበላሽ ወይም ሲታለፍ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በዘር የሚተላለፍ ነው። ሄሞክሮማቶሲስ ይባላል። በረኛው በትክክል ስለማይሠራ ብረት ዕድሜ ልክ ይገባል። ለዚህ በሽታ ዋነኛ ምክንያት የሆነው ዘረመል በ1996 የታወቀ ሲሆን፣ በብዛት የሚታየው የዘር ሐረጋቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ሕክምናውም በየጊዜው ደም መቅዳት ነው።

ሁለተኛው በተደጋጋሚ ደም ለሚሰጣቸው ሕሙማን የሚያጋጥም ነው። በደም ሥር የገባ ብረት በአንጀቱ በር አላለፈምና በረኛው ሊያግደው አይችልም።

ሦስተኛው የእኛን አህጉር በቀጥታ የሚመለከት ነው። በደቡባዊው አፍሪካ አገሮች በብረት በርሜልና በብረት ድስት ውስጥ የሚጠመቅ ባህላዊ ቢራ አለ። መጠጡ ሲፈላ ስለሚጎመዝዝ የዕቃውን ብረት ያሟሟል። በአንድ ሊትር ውስጥ በአሥር የሚቆጠር ሚሊ ግራም ብረት ይገኝበታል። ከዚህ መጠጥ ለብዙ ዓመታት አዘውትረው የጠጡ ሰዎች ጉበታቸው በብረት ተሞልቶ መገኘቱን ሐኪሞች ከ1929 ጀምሮ ጽፈውበታል። በ1998 ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው እንዲህ ዓይነት የብረት ክምችት ያለባቸው ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ነበር። ሄፓታይተስና የሻገተ እህል መርዝ ተለይተው ሲታዩም ልዩነቱ አልጠፋም። እንግዲህ በወሬው ውስጥ ያለችው የእውነት ፍሬ ይህች ናት።

የተከማቸው ብረት ካንሰር የሚያመጣው እንዴት ነው? የብየዳ ቤት አጠገብ ያለፈ ሰው ፍንጣሪውን ያውቀዋል። ከልክ በላይ የሆነና በአግባቡ ያልታሰረ ብረትም በጉበት ሕዋስ ውስጥ ፍንጣሪ የመሰሉ ጎጂ ቅንጣቶችን ይፈጥራል። እነዚህም የሕዋሱን ግድግዳና የዘር መረጃውን ያቆስላሉ። ቁስሉ ሲደጋገም ጉበት ጠባሳ ይይዛል፣ ይጠነክራል፤ ይህ ሲሮሲስ ይባላል። ጠባሳ በበዛበት ጉበት ውስጥ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊነሣ ይችላል። ልብ በሉ፦ ይህ በወራት የሚሆን ነገር አይደለም፤ የአሥርና የሃያ ዓመታት ክምችት ውጤት ነው።

የእኛስ ጤፍ? የእኛስ ጠላ?

አንዳንድ አድማጮች «ጤፍ ብረት በብረት ነው ይባላል፤ ታዲያ እኛስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ተጠንቷል። በጤፍ እንጀራ ላይ የተመሠረተ ምግብ ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍተኛ ብረት ተገኝቶበታል። የሰዉ ጉበት ግን በብረት አልተሞላም። ምክንያቱም ከብረቱ ብዙው በአውድማ ላይ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም።

በብረት ድስት ማብሰልም አያስፈራም። በ1999 የታተመ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት በብረት ድስት የበሰለ ምግብ የበሉ ሕፃናት በአሉሚኒየም ድስት ከበሉት ይልቅ ደማቸው መሻሻሉን አሳይቷል።

ጠላን በተመለከተ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚጠነስሱት በሸክላ ጋን ነው። ሸክላ እንደ በርሜሉ ብረት አያሟሟም። በስደት ኑሮ ግን ጋን አይገኝምና አንዳንዱ በአሮጌ የብረት በርሜል ሲጠምቅ ይታያል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ከላይ እንደተባለው ጎምዛዛ መጠጥ ብረትን ያሟሟል። ሁለተኛ፣ በርሜሉ ቀድሞ ኬሚካል ወይም ነዳጅ የተቀመጠበት ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ አልኮሉ ራሱ፣ በጋን ይጠመቅ በበርሜል፣ ሲበዛ ለጉበት ካንሰር መንስኤ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

ሌሎቹ ማዕድናት

መዳብም እንደ ብረት በጉበት ይከማቻል። የዊልሰን በሽታ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ፤ በ1912 ነው የተገለጸው። ጉበት መዳብን በሐሞት ማስወገድ ሲያቅተው ይጠነክራል። ካንሰር ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚከተለው። በሕንድ አገር ደግሞ ወተትን በናስና በመዳብ ዕቃ ማፍላትና ማስቀመጥ ሕፃናትን ለከባድ የጉበት በሽታ ዳርጎ ነበር። ዕቃው ሲቀየር በሽታው በጣም ቀነሰ። ስለሆነም ወተትም ሆነ ጎምዛዛ ነገር በናስ ወይም በመዳብ ዕቃ አታሳድሩ።

ዚንክ ጉበትን ከሚረዱት ወገን ነው። ጉበታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ መጠኑ ይቀንሳል። ለሕፃናት ተቅማጥ ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ከኦ.አር.ኤስ. ጋር የሚሰጠው ዚንክ ከ2004 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የሚመከር መድኃኒት ነው። «ይህም ብረት ነው» ብላችሁ እንዳትጥሉት። ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ጨርሱ።

ሴሌኒየም የሚባለው ማዕድን ሰውነት ከላይ ያልነውን ፍንጣሪ እንዲያጠፋ ይረዳል። የጉበት ካንሰር በብዛት በሚታይባት በቻይናዋ ቺዶንግ በ1980ዎቹ ከጨው ጋር ተቀላቅሎ ለሰዎች ተሰጥቶ ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቶ ነበር። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ ለሁሉም ሰው እንዲሰጥ የሚያስችል በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ሲበዛም ይመርዛል። ስለዚህ «ጉበት የሚያጥብ» እየተባለ በገበያ የሚሸጠውን ኪኒን በገንዘባችሁ አትግዙ።

አርሴኒክ ግን መርዝ ነው። በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ በተፈጥሮ ሊኖር ይችላል። በሰሜን ቺሊ በአንቶፋጋስታ አካባቢ ከ1958 እስከ 1970 ሕዝቡ አርሴኒክ የበዛበት ውኃ ጠጥቷል። ለቆዳ፣ ለሳንባና ለፊኛ ካንሰር ምክንያት መሆኑ በእርግጥ ታውቋል፤ በልጅነታቸው ያንን ውኃ በጠጡት ላይም በጉበት ካንሰር የመሞት መጠን ከፍ ብሎ ታይቷል። በኢትዮጵያም በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ አንዳንድ ጉድጓዶች ከፍሎራይድ ጋር አርሴኒክ ከተፈቀደው በላይ ተገኝቷል። ማወቅ የሚገባን ውኃን ማፍላት ጀርምን እንጂ አርሴኒክን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር ያጠነክረዋል። በመሆኑም ከተመረመረ ቧንቧ ቅዱ። ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ለመጠጥ ውኃ አትጠቀሙ።

ዋናዎቹ ተጠያቂዎች እነማን ናቸው?

ውድ አድማጮች፣ እስከ አሁን ስለ ማዕድናት አወራን። ነገር ግን በጉበት ካንሰር እሳቱን የሚለኩሱት ሌሎች ናቸው፤ የተከማቸ ብረት በአብዛኛው እሳቱ ላይ የሚጨመር እንጨት ነው። በ2022 በዓለም ላይ ከ750,000 በላይ ሰዎች በጉበት ካንሰር ሞተዋል። በካንሰር ምክንያት ከሚደርሰው ሞት ሦስተኛውን ደረጃ ይይዛል። በእኛ አህጉር ዋነኛው መንስኤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። በዚያው ዓመት 254 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹም መያዛቸውን አያውቁም።

ሄፓታይተስ ቢ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በደም፣ ጥንቃቄ በጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጋራ መርፌና ምላጭ ይተላለፋል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምትና ንቅሳት በአንድ ምላጭ ወይም መርፌ ለብዙ ሰው ሲሠሩ ቫይረሱን ያዛምታሉ። በአንድ ማዕድ መብላት፣ መጎራረስ፣ መጨባበጥ ግን አያስተላልፈውም። ስለዚህ በሽታው ያለበትን ሰው ከማዕድ አታግልሉ።

ክትባት አለው። ታይዋን በ1984 ለሕፃናት መስጠት ከጀመረች በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግልጽ ቀንሷል። እዚህ ኬንያ ውስጥ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በሚወስዱት ክትባት ውስጥ ይገኛል። አንዱንም ቀጠሮ አታሳልፉ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን እንዲያገኝ ይመክራል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናቶች ስለ ምርመራውም ስለዚህ ክትባትም አዋላጃችሁን ጠይቁ። ቫይረሱ የተገኘበት ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ የሚያዳክም መድኃኒት አለ። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ በጥቂት ወራት ኪኒን የሚድን ሆኗል።

ሁለተኛው ተጠያቂ በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ነው። በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በማኩዌኒና በኪቱይ አካባቢ የሻገተ በቆሎ ከበሉት መካከል 125 ሰዎች ሞተዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሲበላ ወዲያው ይገድላል፤ ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ሲበላ ካንሰር ያመጣል። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ጉዳቱ እጅግ ይከፋል። መቀቀል አያጠፋውም። የሬሽን እህላችሁን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ ለጠላም ሆነ ለከብት አታድርጉት።

ለነፍሰ ጡር እናቶች

አሁን ወደ ኪኒኑ እንመለስ። አንድ እርግዝና በጠቅላላው 1 ግራም፣ ማለትም 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ይፈልጋል። የብዙ ሴቶች ተቀማጭ ግን 300 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ነው። ጎተራው ጎድሏልና ጉበት በሩን ይከፍታል፤ የገባውም ብረት ለሕፃኑ፣ ለእንግዴ ልጁና ለእናቲቱ ደም ይውላል እንጂ አይከማችም። ከኪኒኑ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው በሰገራ ይወጣል፤ ሰገራ የሚጠቁረውም በዚህ ምክንያት ነው። ጉበት እየፈረሰ አይደለም። ነገር ግን ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና በጣም የሚሸት ከሆነ፣ ማዞርም ካለ፣ የመድማት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ደሟ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሳት የምትቋቋምበት አቅም የላትም። ሕፃኑም ያለ ጊዜው ወይም ከሚጠበቀው ክብደት በታች ሊወለድ ይችላል። ስለሆነም፦

ኪኒኑን በታዘዘላችሁ መጠን በየቀኑ ውሰዱ። ከረሳችሁ በማግስቱ ሁለት አትውሰዱ።

ካቅለሸለሻችሁ ከምግብ በኋላ ወይም ማታ ስትተኙ ውሰዱት።

በቡናና በሻይ አትዋጡት፤ ቡናው ብረቱን ይይዘዋል። ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይኑር።

ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። ለእናት መድኃኒት የሆነው ኪኒን አንድ ሕፃን ብዙ ቢውጠው ጉበቱን አቃጥሎ ሊገድለው ይችላል። ከዋጠ ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ ሩጡ።

የጉበት በሽታ እንዳለባችሁ የተነገራችሁ ወይም በተደጋጋሚ ደም የተሰጣችሁ ከሆነ ለአዋላጇ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ወንዶችም ብትሆኑ «ጉልበት ይሰጣል» ብላችሁ ያለ ምርመራ የሚስቶቻችሁን ኪኒን አትውሰዱ። ጎተራው ሞልቶ ሳለ መጨመር ጥቅም የለውም።

ከአድማጮች የተነሡ ጥያቄዎች

«ዓይኔ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ብለው የአገር መድኃኒት ሰጡኝ። ምን ላድርግ?»

የዓይን ቢጫ መሆን ከሌሊት ወፍ የሚመጣ አይደለም። የጉበት ወይም የሐሞት መታመም ምልክት ነው፤ ወባም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቅጠልና ሥራ ሥር ራሱ ጉበትን ይጎዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን አቁመው ዛሬውኑ ይመርመሩ። የወሰዱትንም ለባለሙያው ሳይደብቁ ይንገሩ።

«የጉበት ካንሰር በምን ይታወቃል?»

ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ቆይቶ ግን በቀኝ ጎን ሕመም ወይም እብጠት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሆድ ውኃ መቋጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ይታያል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ምልክት ሳይጠብቅ በቀጠሮው መታየት አለበት።

«ወንድሜ ሄፓታይተስ ቢ አለበት። ሥጋና ጎመን ብረት አለው ተብሎ ልንከለክለው ይገባል?»

አይገባም። ከተለመደው ምግብ የሚገኘው ብረት አይጎዳውም። ሐኪም በምርመራ ካላዘዘ በስተቀር ይብላ። የሚከለከለው አልኮል፣ የሻገተ እህል፣ ሲጋራና ያልታዘዘ መድኃኒት ነው። እናንተም የቤቱ ሰዎች ተመርመሩ፤ ነጻ ከሆናችሁ ክትባቱን ጠይቁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለዛሬ ያዘጋጀነው በዚህ ይጠናቀቃል። ይህ ጽሑፍ የደረሳችሁ አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት፤ በተለይም ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት አድርሱ።